ለነፍሰ ጡር በመስኮት አይሰጥም

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የተከራየኋት ቤት ከዋናው መንገድ ብዙም አትርቅም፤ የባጃጁ ጥሩምባና የጋሪ ፈረሶቹ ኮቴ ሳይቀሰቅሰኝ እነሣለሁ። የሥራ ሰዓት ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሁለት ሰዓት ሲሆን እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ግን የሚቆጠር ነገር የለም። ባለፈው ምስር ስለቅም በቢላ አምስት አምስት እያደረግሁ ስከፍል ራሴን ያዝሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ብቻዬን መሳቄ ከፋኝ።

ሥራዬ መድኃኒት ማደል ነበር። ወረቀቱ ድራጊስት ይለኛል፤ ገበሬው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን "ዶክተር አይደለሁም" እያልኩ አርም ነበር። ሰዉ ትሕትና እየመሰለው የባሰ ሲያከብረኝ ተውሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው የማየው በመስኮት ነው። በመስኮት የሚመጣ ሰው ከደረቱ በላይ ብቻ ነው የሚታየው፤ ባዶ እግሩን ይሁን ጫማ ያድርግ፣ ሆዷ ይግፋ አይግፋ አይታወቅም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ታሪኬ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የባለፈው ሳምንት ጉዳይ ነው። የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ አንዱ መድኃኒት ቤት ገብቼ ተራ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ስልኳን ከፍታ ለሻጯ አሳየቻት። "ቫይታሚን ዲ አለ? ለእርጉዝ ጥሩ ነው ይላል" አለቻት። ሻጯ ቀና ብላም አላየቻት፤ ብልቃጡን በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። ሐኪም አዞልሻል ወይ የለ፣ ሌላ የምትወስጂው አለ ወይ የለ፣ በቀን ስንት የለ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የጡረተኛ ምክር ማን ይወዳል ብዬ ዋጥሁት። ቤቴ ገብቼ ግን ደብተር አወጣሁ። የቫይታሚን ዲ ነገር እኔ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራ የጀመርሁት ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፤ በክረምት ዝናቡ ሲወርድ ሰው የሚለኝን የምሰማው በከንፈሩ ነበር። ደመወዙን አላነሣውም። እዚያ ያገኘሁት አለቃዬ ጋሽ ልየው ይባላል። ቁመቱ ከመደርደሪያው ሁለተኛ እርከን አይበልጥም፤ ቁጣው ግን ለክሊኒኩ ሁሉ ይበቃ ነበር። ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር ሲስቅ ያየው የለም። ምሳውን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይበላል፤ ሥራ ላይ ግን እንደ እሱ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ክኒን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ጠርዟ እንደ ከንፈር የወጣ የቆርቆሮ ትሪ ነበረችው፤ እሷን በአልኮል ይወለውላታል፣ የክኒኑን ጣሳ ከፍቶ መጀመሪያ ያሸታል፣ ከዚያ ክኒኑን ትሪው ላይ አፍስሶ በደነዘች ቢላ አምስት አምስት እያደረገ ወደ ራሱ ይስባል። የተሸረፈ ካየ በቢላዋ ጫፍ ወደ ዳር ይገፋዋል። የወረቀት ከረጢቱ ላይ ፊደል ለማያውቅ ፀሐይና ጨረቃ ይሥላል፤ ጨረቃው ሁልጊዜ ጎራዴ ይመስል ነበር። ሲጨርስ ቢላዋን በጋዋኑ ጫፍ ይጠርግና ባለ መድኃኒቱን አይን አይኑን እያየ "አሁን አንተ ንገረኝ፤ ምን አልኩህ?" ይለዋል። ሰውዬው በትክክል ደግሞ ካልነገረው ከረጢቱን አይለቅለትም። ሦስት ጊዜም ይሁን አራት ጊዜ ይጠብቀዋል። እኔ ቆሜ "ሰዉ ተሰለፈ እኮ" ስለው ሰምቶኝ አያውቅም።

ነፍሰ ጡር ስትመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። የመስኮቷን መከለያ ይዘጋል፣ ቁልፉን ያነሣል፣ በጓሮ በር ዞሮ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ይቀመጣል። ተራ የያዘው ሁሉ ያጉረመርማል። እሱ ግን ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቋት ጠይቋት ነው ወደ መድኃኒቱ የሚመጣው። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁት።

"ነፍሰ ጡር ስታፍር ድምፅዋ ይወርዳል" አለኝ። "በመስኮት አትሰማትም። ለነፍሰ ጡር በመስኮት አይሰጥም።"

እሱ ሲሞት እኔ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ነበር። ቀብሩ ላይ አልደረስሁም። ዝውውሩ እንዲህ ነው፤ ሽንዲ አካባቢ ሦስት ዓመት፣ አዴት ሁለት፣ መርዓዊ አራት። አንድ ቦታ ሚስት አግብቼ ነበር። ሦስተኛው ዝውውር ሲመጣ "እኔ ዕቃ አይደለሁም" ብላ ቀረች፤ አልፈርድባትም። ልጅ አልወለድንም። ከዚያ ወዲያ ዕቃዬ አንድ ሻንጣና አንዲት የቆርቆሮ ትሪ ሆነ። ትሪዋ ከነቢላዋ የጋሽ ልየው ናት፤ ልጁ ከቀብሩ በኋላ ልኮልኝ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ተመደብሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። መስኮቱ መስተዋት ሆነ፤ መስተዋቱ ላይ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። አለቃችን ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ በቀን ስንት ሰው እንዳስተናገድን በሠንጠረዥ ይሞላል፣ ብዙ ያስተናገደውን በስብሰባ ያመሰግናል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ መመስገን ወደድሁ። ቀስ በቀስ "ምን አልኩህ?" ማለቱን ተውሁ። ከዚያ መነሣቱን ተውሁ። የጓሮ በሩ ቁልፍ የት እንዳለ እንኳ ረስቼ ነበር።

አንጓች የምትባል አንዲት ነፍሰ ጡር የመጣችው በቅበላው ሳምንት፣ የገበያ ቀን ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሰባት ቀን ቀርቶት ሰዉ ለጾሙ ሊሸምት ከተማ ገብቷል፤ በዚያው ሐኪም ቤቱንም አጥለቅልቆታል። ማዘዣዋን የጻፈችው አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች። ታሪኩን በኋላ ከሐኪሟ እንደ ሰማሁት ይህ ነው። አንጓች የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በሳምንቱ እየተንቀጠቀጠ ሞቶባታል። አማቷ የሰው ዓይን ነው አሉ። ሁለተኛውን ስታረግዝ ማንም እንዳያያት ብለው ጓዳ አስቀመጧት። ውኃ ሳይነጋ ትቀዳለች፤ ከወጣችም እስከ ዓይኗ በጋቢ ተሸፍና ነው። ፀሐይ ሳያያት ወራት አለፉ። ወገቧና ጭኗ ይጠዘጥዛታል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሣ በእጇ መሬት ትደግፋለች።

ሐኪሟ መመርመሪያው አልነበራትም፤ ከታሪኳ ተነሥታ የቫይታሚን ዲ እጥረት ጠረጠረች። አጥንት የሚያጠነክረው፣ ፀሐይ ገላችን ላይ ስታርፍ ሰውነታችን የሚሠራው ነገር ነው። የእናቲቱ ጎተራ ባዶ ከሆነ ሕፃኑም ባዶውን ይወለዳል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ብላ ነው ያስረዳችኝ። ለሁሉም እርጉዝ የሚታዘዝ አይደለም፤ ለእሷ ግን እስክትወልድ በቀን አንድ አዘዘችላት። ጠዋት ጠዋትም ፀሐይ እንድትሞቅ ነገረቻት።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ያየሁት ወረቀትና ጋቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ዓይኖች ነው። ስድሳ ፍሬ ቆጠርሁ። ለስላሳ፣ ቢጫ፣ ዘይት የቋጠረች ፍሬ ናት። በቀዳዳዋ አሳለፍሁላት፤ "ከምግብ በኋላ በቀን አንድ" አልኳት። እሷ ከመሄድ ይልቅ አንዷን አውጥታ በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻት፣ አሸተተቻት። ከኋላዋ ሰው ይገፋታል።

"ጌታዬ፣ ይኸ ኸምን የተሠራ ነው? ዓሣ ዓሣ ይሸታል" አለች፤ መስማቴም ይገርመኛል።

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማወቄ ደስ አለኝ መሰለኝ። "ውስጡ የዓሣ ዘይት ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው" አልኳትና ወዲያው "ቀጣይ!" አልሁ።

አልዋሸኋትም። ያልሁት ሁሉ እውነት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሰባት ቀን ብቻ ሲቀረው፣ ከፍስክ የተሠራ ነገር በየቀኑ ዋጪ ብያት "ቀጣይ" ማለቴን ግን ያን ቀን አላወቅሁትም። ሆዷን አላየሁም፤ ፊቷ ሲለወጥም አላየሁም። ያን ቀን ያስተናገድሁት ሰው ብዙ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። አሁን ጋቢው ወርዷል። ዓይኖቿን ነው ያወቅኋቸው። በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ነገር በቀዳዳዋ አሳለፈችልኝ፤ ስፈታው ፍሬዎቹ ናቸው፤ አንድም አልተሸረፈ፣ አንድም አልቆሸሸ።

"የመንግሥት ነው ብዬ ነው ያመጣሁት" አለችኝ። "ሰባቱን እስተ ቅበላ ዋጥሁት። ሌላውን ለፋሲካ ብዬ አኖርሁት። እሱ ቀደመኝ።"

ልጁ በሕማማት ሳምንት ተወልዶ፣ ለፋሲካ ማግሥት እየተንቀጠቀጠ ሞቷል። ሆስፒታል ሊያደርሱት መንገድ ላይ ነበሩ። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ይልቁንስ ከኋላዋ ያለው ሰው እንዳይቆጣባት ፈጠን ፈጠን እያለች ነበር የምትናገረው። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። "እሺ" ነው ያልኳት። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ሰማኋት መሰላችሁ፤ እሺ።

ፍሬዎቹን ትሪው ላይ አፍስሼ በጋሽ ልየው ቢላ አምስት አምስት እያደረግሁ ቆጠርኋቸው። ሃምሳ ሦስት። ለሐኪሟ ሄጄ ነገርኋት። ጨዋ ልጅ ነች፤ ሁሉንም ብትውጠው ኖሮ ልጁ ይድን እንደ ነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም አለችኝ። ዘግይታ ነው የመጣችው፤ ጎተራው በጣም ጎድሎ ነበር አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው፤ ሊያድነውም ይችል ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ የጓሮ በሩን ቁልፍ ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለነፍሰ ጡር በመስኮት ሰጥቼ አላውቅም፤ በዚያ ዓመት በስብሰባ ላይ ስሜ የተነሣው ሰው በማጉላላት ነው።

አንጓች በቀጣዩ ታኅሣሥ ገና ሆዷ ሳይገፋ መጣች። ወጥቼ ከጎኗ ስቀመጥ ደንግጣ ልትነሣ ነበር። መድኃኒቱን አላወጣሁም። ያን ቀን ያላልሁትን አልኳት፤ ምን እንደ ሆነ ነገርኋት፣ እኔ ቸኩዬ እንደ ነበር ነገርኋት። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። ቀስ እያለች ደግሞ ያላወቅሁትን ነገረችኝ። የመጀመሪያው ልጅ ሲሞት ለእመቤታችን ተስላለች፤ ሌላ ልጅ ከሰጠሽኝ ሁዳዴን አንድም ቀን አልገድፍም ብላ። ነፍሰ ጡር ጾም እንደማያስገድዳት ታውቃለች፤ ስለቱ ግን ያስገድዳታል። ይህን ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም፤ ልጄን የገደለው ስለቴ ነው ወይ ብላ መጠየቅ ፈራች። አባ ሳይፈቱኝ ደግሞ አልውጥም አለች።

"እኔ ልጠይቅልሽ?" አልኳት።

"ይጠይቁልኝ" አለች።

እሑድ ቡሬ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድሁ። አገዳው ታጭዷል፤ ማሳው ነጭ ሆኖ ፀሐዩ ከላይም ከታችም ያቃጥላል። ያን ሁሉ ፀሐይ እያየሁ አንዲት ሴት በዚህ መሐል እንዴት ፀሐይ ይጎድላታል እያልሁ ነው የሄድሁት። አባ ጥሩነህ ደጃፋቸው ላይ ቀፎ በእበት እየለቀለቁ አገኘኋቸው። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ለቅልቋል፤ ሳይታጠቡ አዳመጡኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሃምሳ ሦስቱንም፣ ስለቱንም፣ "ቀጣይ" ያልሁትንም።

"ማንም አልጠየቀኝም እኮ" አሉ ስጨርስ። "አንተ አልጠየቅኸኝ፣ እሷ አልጠየቀችኝ። እፈታት ነበር።" እበት የነካ እጃቸውን እያዩ "እኔም እሷን ቤተ ክርስቲያን ያጣኋት ጊዜ ምነው ጠፋሽ ብዬ አልሄድሁ" አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጡና ፍርዱን ሰጡ። አንጓች በየጠዋቱ ኪዳን ታደርሳለች፤ ኪዳኑ ሲያልቅ ፍሬዋን እሳቸው ፊት በጠበል ትውጣለች፤ ከዚያ በቅጥሩ ምሥራቅ በኩል ክንዷን ገልጣ ፀሐይ ትሞቃለች። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዓይን አይደፍራትም ብለው አማቷን ራሳቸው ሊነግሯቸው ተስማሙ። ሐኪም ያላሰበውን አሰቡ ማለት ነው። ስለቱ ደግሞ ሜዳ ላይ አይጣልም አሉ፤ ሰው ይሸከመዋል።

"እኔ በስግደት እይዝላታለሁ" አሉኝ። "አንተ ደግሞ የሰኔን ጾም፣ የሐዋርያትን፣ ትጾምላታለህ። የቢሮ ሰዎች እንደማትጾሙት አውቃለሁ።"

"እስከ መቼ አባ?"

"የስለቱ ባለቤት ይበቃሃል እስክትልህ።"

በዚያ ሁዳዴ አንጓች አንድም ቀን አላጓደለችም። ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሳምንቱ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሐኪሟ ለሕፃኗም ጠብታ አዘዘችላት፤ ምች ይመታታል ብለው የፈሩት አማት እንኳ በማለዳው ፀሐይ ከአጥር ጀርባ ይዘዋት መውጣት ጀመሩ። ስሟን ምትኬ አሏት። እኔ ሰኔን ጾምሁ። ብቻውን ለሚኖር ሰው ጾም ከባድ አይደለም፤ ወትሮም ማን ያበስልለታል። ሽሮዬን ስበላ ግን ስለ አንድ ሰው ብዬ የምበላው መሆኑ ገበታውን ትንሽ ሰው ያለበት ያስመስለው ነበር።

ነሐሴ ላይ የአንጓች ባል መጣ። እሱን በመስኮት ነው ያነጋገርሁት፤ እርጉዝ አይደለ። የምትኬ ክርስትና ሊነሣ ነው፣ አንጓች ዶክተሩ ሳይመጡ እንዳይቀሩ ብላለች አለኝ። በመስተዋቱ አሻግሬ አየሁት። የዚያን የሞተውን ልጅ አባት እያየሁ ነበር። የእናቱን ቤት፣ አማትየዋን፣ አባ ዘንድ የሄድሁባትን መንገድ አሰብሁ፤ እንዴት አድርጌ ገብቼ ጠላ እቀበላለሁ አልሁ።

"ተረኛ ነኝ" አልሁት። ተረኛ አልነበርሁም። ስለ ፍሬዎቹ ያልዋሸሁ ሰው ለክርስትናው ዋሸሁ።

ዓመቱ ሲዞር ማንም ይበቃሃል አላለኝም። ሰኔን ጾምሁ። በሦስተኛው ዓመት አባ ጥሩነህ አረፉ ሲሉ ሰማሁ። አንጓች ሌሎቹን ልጆቿን እሰፈሯ አጠገብ በተከፈተው ጤና ጣቢያ ነው የወለደች መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ጠይቄም አላውቅም። ገና አልማረችኝም፣ ልክ ነች እያልሁ በየዓመቱ ጾምሁ። ዘጠኝ ሰኔ።

ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጥር ላይ፣ አንዲት ሴት ከአንዲት ልጅ ጋር ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ረፈደባት። ሰዉ ሁሉ ተስተናግዶ ሄደ። ማዘዣ ካለሽ አምጪ ብዬ በቀዳዳዋ ጠራኋት።

"ማዘዣ የለኝም። ላነጋግርዎት ነው" አለች።

"ምን ልርዳሽ?"

"በመስኮት አልነግርዎትም። ይውጡ።"

ያን ጊዜ ነው ያወቅኋት። ቁልፉ በሩን ሁለት ጊዜ አልከፍት አለኝ። ስወጣ አጠገቧ ያለውን ቦታ በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመች። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን እግር ነው ያላት። እግሯን ሳይ እንባዬ መጣ፤ ወደ ሌላ ዞርሁ።

ጡረታ ልወጣ መሆኔን ለሕክምና ከመጣ የመንደራቸው ሰው ነው የሰማችው። ስለ ከብቱ ጠየቅኋት፣ ስለ ዝናቡም ጠየቅኋት። እሷ ናት ያቆመችኝ።

"ሰኔን ዛሬም ይጾማሉ አሉ" አለችኝ። ማን እንደ ነገራት አልጠየቅሁም፤ ሆስፒታል ውስጥ የእኔን የሰኔ ሽሮ ያልቀለደበት የለም።

"እጾማለሁ" አልኳት።

"ለማን?"

"ይበቃሃል አላልሽኝማ" አልሁ። ራሴን ስሰማው የተቀየመ ልጅ ድምፅ ነበር።

አንጓች አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቃሉ የእሷ መሆኑን አባ ነግረዋት ነበር። ዶክተሩ አንዱን ሰኔ ሲጨርሱ በክርስትናው ለት ፈትቻቸው፣ በጠላ በሥጋ ላስገድፋቸው ብላ ጠብቃኛለች። ከአማቷ አጠገብ መቀመጫ ይዛልኛለች። ማታ ድረስ ያን ቦታ ሰው እንዳይቀመጥበት ከልክላለች። ስቀር፣ ሰውየውን ለአንዲት ሴት ብሎ ገጠር ድረስ ምን ያመጣዋል፣ ያደረገልኝ ይበቃል ብላ ተወች። ዘጠኝ ዓመት እኔ ከእሷ ቃል ስጠብቅ፣ እሷ ከእኔ እግር ስትጠብቅ ኖረናል። ወጥቼ አጠገቧ ብቀመጥ ኖሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር። መስተዋቱን አንሥቼ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር ማለት ነው።

"ይበቃዎታል" አለችኝ። "ስለ ምትኬም ይበቃዎታል፣ ስለዚያኛውም ይበቃዎታል።" ከዚያ እጄን ያዘች። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን አልኩዎት?" አለች።

ምትኬን ባረገዘችበት ሁዳዴ መድኃኒቷን ስሰጣት በዚያው አግዳሚ ላይ ያልኳት ነው፤ ከእኔ ተምራው፣ እኔም ከጋሽ ልየው። ልመልስላት ሞከርሁ፤ ድምፄ አልወጣ አለኝ። እሷ ጠበቀችኝ። ምትኬም እናቷን እያየች ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ወጣልኝ።

"ይበቃሃል አልሽኝ።"

"እንግዲያ ይሂዱ" አለችና እጄን ለቀቀች። ክረምቱ መንገዱን ሳይቆርጠው ቤታችን ይምጡ ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ትናንት ባሏ ስልክ ላይ ደውያለሁ። የሰኔ ጾም የገባው ዛሬ ነው። ለምሳ ሁለት እንቁላል ጠብሼ ቀረብሁና እጄ አልዘረጋ አለኝ። እንደ ጋሽ ልየው ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እንደ ተቀመጥሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወንበሬን አዞርሁ፤ በሩን ከፈትሁት። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይበቃሃል አለችኝ" አልሁ። ከዚያ በላሁት።